የሙስጠፋ ስኮፕና የእኔ ተራ

ስለ ጠመንጃ መነጽር፣ ማለትም ፈረንጆቹ ስኮፕ ስለሚሉትና እኛም ስኮፕ ብለን ስለቀረነው ዕቃ፣ ከእኔ የተሻለ የሚያውቅ ሐበሻ ከሲልቨር ስፕሪንግ እስከ አሌክሳንድሪያ ካለ ይምጣና ይከራከረኝ። ጉራ አይደለም። ጉራም ከሆነ ይሁን፤ በዚህ ዕድሜዬ ጉራ የምነዛበት ነገር የቀረኝ ዐይኔ ብቻ ነው። ጉልበቴ ደረጃ ሲያይ ያማርራል፣ ጥርሴም ግማሹ የራሴ አይደለም። ዐይኔ ግን ዛሬም ከአስፐን ሂሉ ቤቴ በረንዳ ላይ ሆኖ ከመንገዱ ማዶ የቆመ መኪና ታርጋ ያነብባል። ባለቤቴ አስካለ የመድኃኒቷን ደቃቅ ጽሑፍ የምታስነብበው እኔን ነው። ይህን አስቀድሜ የምናገረው ሰሞኑን ስለ ዐይኔ የሚወራ ወሬ ስላለ ነው።

ባለፈው ቅዳሜ የክረምት ጫማ ልፈልግ ቤዝመንት ስወርድ ብርቱካናማው የአደን ጃኬቴ ከመስቀያው ወድቆ አገኘሁት። ሳነሳው የጠመንጃ ዘይት፣ የረጠበ ቅጠልና የሲጋራ ሽታ አንድ ላይ መጣብኝ። ሲጋራው የእኔ አይደለም፤ አጭሼ አላውቅም። የድሮ አለቃችን የሬይ ነው። ሬይ ካረፈ ስንትና ስንት ዓመቱ፣ ጃኬቱም ስንቴ ታጥቧል፤ ሽታው ግን ከኪሱ ስፌት ውስጥ አልወጣ ብሏል። እዚያው ካርቶን ላይ ቁጭ አልኩ። አስካለ ከላይ ሆና «ምነው፣ ወደቅህ እንዴ?» ብላ እስክትጣራ ድረስ በሐሳቤ ሩቅ ሄጄ ነበር።

ያኔ እኔና ሙስጠፋ አሌክሳንድሪያ፣ ከዱክ ስትሪት ገባ ብሎ፣ ባለ አንድ መኝታ አፓርትመንት ተከራይተን እንኖር ነበር። እኔ የጉለሌ ልጅ ነኝ፣ እሱ የጅማ። የተዋወቅነው እዚሁ፣ መሀል ዋሽንግተን አንድ የመኪና ማቆሚያ ጋራዥ ውስጥ ስንሠራ ነው። ቤንዚን ጋሎኑ ከዶላር በታች የነበረበት ጊዜ ነው የምላችሁ። ሙስጠፋ አሥር ዶላር ይዞ ይወጣና ቢጫ መኪናውን ሞልቶ፣ ለሁለታችን የሚበላ ገዝቶ፣ መልስ ይዞ ይመለሳል። ሱሪያችን ከታች መንገድ ይጠርጋል፣ የሸሚዛችን ኮሌታ ትከሻ ሊነካ ምንም አይቀረው፣ ጸጉራችንን ለማበጠር ደግሞ ከሥራ በፊት ግማሽ ሰዓት ቀደም ብሎ መነሳት ያስፈልጋል። ሙስጠፋ አንዲት ቡናማ የቆዳ ጃኬት ነበረችው፤ በሐምሌ ሙቀት እንኳ አያወልቃትም። ካሴት ከካሴት ሲገለበጥ ሲገለበጥ ዘፋኙ ውኃ ውስጥ ቆሞ የሚዘፍን ይመስላል፤ እኛ ግን ዘፈኑ እንደዚያው የተዘፈነ ይመስለን ነበር። ከዓመታት በኋላ አንዱን ጥርት ባለ ቅጂ ስሰማው ደስ አላለኝም።

በዚያች ቤት ሁሉም ነገር አንድ ሆኖ ድስት ብቻ ሁለት ነበር። እጀታው ቀይ የሆነው የእኔ፣ ጥቁሩ የእሱ። እንደምታውቁት በአገራችን ክርስቲያኑ ሙስሊም ያረደውን፣ ሙስሊሙም ክርስቲያን ያረደውን አይበላም። ጫማና ሸሚዝ እየተዋዋስን፣ አልፎ አልፎም በአንድ ብርድ ልብስ እየተጠቀለልን ስንኖር ሥጋችን ግን ለየብቻ ይቀቀል ነበር። አንዳችንም በዚህ ቅር ብሎን አያውቅም። የጾም ወጥ የሠራን ቀን ደግሞ ድስቱ የማንም ይሁን አብረን ነው የምንጠርገው።

አደን ያስለመደን ሬይ ነው። የጋራዡ አለቃ ነበር፤ ወንድሙ ከብሉ ሪጅ ተራራ ወዲያ ትልቅ እርሻ ነበረው። አንድ ኅዳር ላይ አጋዘን በቆሎውን ፈጀብን፣ ኑና አግዙን አለን። የሙስጠፋ አባት ጅማ ሳሉ እርሻቸውን ከከርከሮ የሚጠብቁ ሰው ስለነበሩ እሱ ጠመንጃ ብርቁ አይደለም። እኔ ነክቼም አላውቅ ነበር። ሬይ ጣሳ ደርድሮ ሲያስተኩሰን ግን የመጀመሪያዋን ጣሳ የጣልኳት እኔ ነኝ። ሬይ ሲጋራውን ከአፉ አውጥቶ «ይሄ ሰውዬ የጭልፊት ዐይን ነው ያለው» አለ። ያቺን ቃል እስከ ዛሬ እንደ ሜዳሊያ አንጠልጥያት እዞራለሁ።

አጋዘን ሰኮናው ስንጥቅ ነው፤ ያመሰኳል፤ ለእሱም ለእኔም የተፈቀደ ነው። ችግሩ የሚያርደው ማን ነው የሚለው ነው። መፍትሔው ተራ ሆነ። አንድ ዓመት የእሱ፣ አንድ ዓመት የእኔ። ባለ ተራው ይተኩሳል፣ ነፍሱ ሳትወጣ ደርሶ በየሃይማኖቱ ስም ጠርቶ ያርዳል፣ ሥጋው ወደ ቤቱ ይገባል። ያኛው ተሸክሞ ያግዛል፣ አይቀምስም። በኋላ ሁለታችንም ስናገባ ሴቶቹ በዚህ ላይ አንድ ወግ ጨመሩበት። የሙስጠፋ ተራ ሲሆን ሚስቱ ዘሐራ ለእኛ የምስር ሳምቡሳ ትልካለች፤ የእኔ ተራ ሲሆን አስካለ ለእነሱ ድፎ ዳቦ ትልካለች። የአደኑ ወቅት ተከፍቶ የነቢያት ጾም እስኪገባ ያለችው ጊዜ አንድ ሳምንት ብትሆን ነው፤ ሩጫችን ሁሉ በዚያች ሳምንት ውስጥ ነው። አንድ ጊዜ ደግሞ የእኛ ጾምና ረመዳን ተገጣጥመው፣ ያን የሚያህል አጋዘን የእኛ ፍሪዘር ውስጥ ተኝቶ፣ እኛ በሩን እየከፈትን እሱን፣ እነሱም ቀን ቀን የላክነውን ድፎ ዳቦ ስናይ ከረምን።

አሁን ወደ ስኮፑ ልምጣ። መጀመሪያ የምንተኩሰው በብረቱ ማነጣጠሪያ፣ ያለ ምንም መስታወት ነበር። ገንዘብ ቢጤ እጃችን ሲገባ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ከጆርጂያ አቬኑ አንድ ጥግ ላይ ወደነበረ የስፖርት ዕቃ ሱቅ ሄድን። ያ ጥግ ዛሬ ፎቅ ነው። ያኔ በአንድ በኩል ኮሪያዊ ጫማ ሰፊ ነበር፤ ሶል ሲቀይር ጎኑን ያለ ክፍያ ይቀባልሃል። በሌላው በኩል ዶናት ቤት፣ መሀል ላይ መስኮቱ በዓሣ መንጠቆ የተሞላ ሱቃችን። ሙስጠፋ ከገዛን አይቀር ትልቁን እንግዛ አለ። ቴሌቪዥንም የገዛነው በዚሁ ደንብ ነው። ክንድ የሚያህል ስኮፕ ተሸክመን ወጣን። ሱቁ በር ላይ ቆመን የመንገዱን ማዶ ሰዎች ጢም ስንቆጥር አንዲት አሮጊት ገላመጠችን።

ተራው የእኔ ነበር። ከሸለቆው ባሻገር፣ በባዶ ዐይን ድንጋይ የሚመስል ነገር በስኮፑ ሳየው ቀንዳም አጋዘን ሆነ። ተኮስኩ፣ ወደቀ። ሬይ በዕድሜዬ እንዲህ ያለ አተኳኮስ አላየሁም ብሎ ቆቡን ወረወረ። እኔና ሙስጠፋ ግን ቢላችንን ይዘን ሩጫ ጀመርን። ሸለቆውን ወረድን፣ ወንዙን እስከ ጉልበታችን ገብተን ተሻገርን፣ የሽቦ አጥር ሱሪያችንን ቀደደ፣ ዳገቱን በእጃችን እየቧጠጥን ወጣን። ስንደርስ እንስሳው ሞቶ ቆይቷል። በክት ነው። ለእኔም በክት፣ ለእሱም በክት። ሁለታችንም ቢላችንን እንደያዝን ራስጌው ቆመን ቀረን። ሬይ እያለከለከ ደረሰና «ምን ነካችሁ? ቀብር ላይ የቆማችሁ ነው የምትመስሉት» አለን። ነገሩን ስናስረዳው ዞሮ የመጣንበትን ሸለቆ አየና «እንግዲያ እናንተ የሚያስፈልጋችሁ ሩቅ የሚያሳይ ሳይሆን ቅርብ የሚያስቀምጥ ነው» አለ። ሥጋውን እሱ ወሰደው።

ትልቁን መልሰን አራት እጥፍ ብቻ የሚያቀርብ ትንሽ ስኮፕ ስንጠይቅ ሻጩ መልሶ መላልሶ ጠየቀን። ትንሹን ልተውና ትልቁን ስጡኝ የሚል እንጂ የዚህን ግልባጭ ሰምቶ አያውቅም። እኛ ግን ከዚያ ወዲህ ሥራችን ተለወጠ። መቅረብ ተማርን። ንፋሱን ማየት፣ ቅጠል ሳያንኮሻኩሹ መቀመጥ፣ አጋዘኑ ሮጦ የማይደረስበት ቦታ ከቆመ ጠመንጃ ዝቅ አድርጎ ማሳለፍ። ትንሹ ስኮፕ ጫካ ውስጥ ሰፋ አድርጎ ያሳያል፣ ጨለም ሲልም ብርሃን ይይዛል፤ ዐይንህንም ከጀርባው አርቀህ ማየት ትችላለህ። ይህን የመጨረሻውን የማያምን የሙስጠፋን ቅንድብ ይይ። በትልቁ ስኮፕ ሲለማመድ ተጠግቶ ተኩሶ የብረቱ ጠርዝ ጨረቃ የመሰለ ጠባሳ ተክሎለታል።

ስኮፕ ውስጥ ደግሞ ሁለት ቀጫጭን መስመሮች በመስቀል ቅርጽ ተላልፈው ማነጣጠሪያ ይሠራሉ። ሙስጠፋ መጀመሪያ ያየው ቀን ዐይኑን ከመስታወቱ ነቅሎ «ጌቾ፣ መስቀላችሁ እዚህም ገባ?» አለኝ። ከዚያ ወዲህ የራሱ ተራ በሆነ ቁጥር «በመስቀል አነጣጥሬ በቢስሚላህ አረድኩ» እያለ ዘሐራን ያስቃታል። ይኸው ሁለታችንም ሸብተን፣ እሱ አሌክሳንድሪያ ቀርቶ እኔ ወደ ሜሪላንድ ተሻግሬ፣ ቆዳ ጃኬቷም ሆዱ ላይ አልዘጋ ብላ፣ ቀልዱ ግን አልተለወጠም።

ዘንድሮ መስከረም ላይ ደወለልኝ።

«ጌቾ፣ ጠመንጃውን ሴል ላደርገው ነው» አለኝ፤ ሰላምታም የለ።

«ምን ሆነህ?»

«ዐይኔ ነዋ! ዶክተሩ ሰርጀሪው ሰክሰስፉል ነው ይላል። ሰው ይታየኛል፣ ዛፍ ይታየኛል፣ ቀጭን ነገር ግን ይጠፋብኛል። አምና ሁለቴ የሳትኩት ለምን መሰለህ? መስቀሉ አይታየኝም።»

አምና ተራው የእሱ ነበር፤ ሁለቴ ተኩሶ ሁለቴ ስቶ ባዶ እጃችንን ተመልሰናል። አሁን ነገሩ ገባኝ። ጠመንጃውን ከሸጠ ያቺ የዓመቱ አንድ ሳምንት ልትቀር ነው። ሙስጠፋ ደግሞ ያለዚያች ሳምንት ከሶፋው የሚነሳ ሰው አይደለም፤ ሰርጀሪውን ካደረገ ወዲህ መጋረጃ ዘግቶ ዜና ሲያዳምጥ ይውላል ብላ ዘሐራ ለአስካለ ነግራታለች። ፈራሁለት። ለእሱ ግን አልነገርኩትም።

«ስኮፕ ይቀየራል። እኔ እመርጥልሃለሁ፤ በዚህ ነገር ከእኔ ጋር አትከራከር። ዘንድሮም የእኔን ተራ ውሰድ፣ ያምናህ ባዶ ነው የሄደው» አልኩት።

ተቆጣ። «ሰደቃ ለመንኩህ? ተራ ተራ ነው! የሳትኩት እኔ ነኝ። ያንተን ተራ ከሰጠኸኝ መኪናህ ውስጥ አልገባም።»

እሺ አልኩ። ሙስጠፋ እንዲህ ካለ ከዚያ ቃል ወርዶ አያውቅም።

ቨርጂኒያ ወዳለ አንድ ሱቅ ወሰድኩት። እንደ ድሮው የዓሣ መንጠቆ የለም፤ ሁሉ ነገር በመብራት ያብረቀርቃል። ጸጉሯን ወደኋላ የጠቀለለች ጠና ያለች ሴት መጣችና አሥራ ስምንት እጥፍ የሚያቀርብ፣ ከስልክ ጋር የሚገናኝ አንድ ጉድ ባንኮኒው ላይ አስቀመጠች። ከምን ያህል ርቀት ነው የምትተኩሱት አለችን። «ሮጠን ደርሰን ጸሎት ከምናደርስበት ርቀት» አልኳት። ትስቃለች ስል አልሳቀችም። አባቷ አዳኝ እንደነበሩና እሷም ከልጅነቷ ጀምሮ እንደምታድን ነገረችን። ሙስጠፋ ራሱ ጎንበስ ብሎ «መስቀሉ ይወፍርልኝ፣ እህቴ» አላት በእንግሊዝኛ። ጓዳ ገብታ አንድ አራት እጥፍ ስኮፕ ይዛ መጣች፤ መስመሮቹ ከዳር ወፍረው ይገቡና መሀል ላይ ብቻ ይቀጥናሉ፣ ቅጥነቱም ቢሆን እንደ ድሮው የኛ ክር አይደለም። ጫካ ውስጥ ጎህ ሲቀድ ለሚተኩስ ሰው የተሠራ ነው አለች።

በሩ ላይ አቆመችው። ከመንገዱ ማዶ ወዳለ የጎማ ቤት ማስታወቂያ አነጣጠረ። እኔ ከጎኑ ቆሜያለሁ። ይህም ካልሆነ ሌላ የማቀርብለት ነገር አልነበረኝም። ሙስጠፋ ለረጅም ጊዜ አየ፣ ዐይኑን ጠረገ፣ እንደገና አየ።

«አልሐምዱሊላህ!» ብሎ ጮኸ። «መስቀሉ ታየኝ!»

ሱቅ ውስጥ ቆሜ እንዲያ ስቄ አላውቅም። ሴትየዋ የሳቅነው በምን እንደሆነ ሳታውቅ አብራን ሳቀች። ስኮፑን እዚያው አስገጠምነው፤ የሬይ ወንድም እርሻ ላይ ወረቀት ሰቅለን ስንሞክረው ሦስት ጥይት ተኩሶ ሦስቱም መሀሉን አገኙ። የሬይ ወንድም ልጆች እስከ ዛሬ እርሻውን አልከለከሉንም።

የአደኑ ቀን ማለዳ አመዳይ ሣሩን አንጥቶት ነበር። ሁለታችንም ጠመንጃችንን ይዘን ከወደቀው ግንድ ጀርባ ተቀመጥን፤ ተራው የእኔ ስለሆነ እኔ በስተፊት። ፀሐይ ጫፉን ስታሳይ ከነጩ ዛፍ ሥር ቀንዳም አጋዘን ወጣ። እኔ ከሙስጠፋ በፊት አይቼዋለሁ። የግራ ጆሮው ጫፍ የተቀደደ መሆኑን፣ ከአፍንጫው የሚወጣውን ጭስ ሳይቀር አይቻለሁ። በትንሿ ስኮፔ ውስጥ አስገባሁት። ከጎኔ ሙስጠፋ እንደ ልጅ ትንፋሹን ዋጥ ሲያደርግ ሰማሁት። ጠመንጃዬን ዝቅ አደረግኩ።

«የታለ?» አልኩት በሹክሹክታ።

«እንዴት የታለ? ያውልህ፣ ከነጩ ዛፍ ሥር!»

«ቅጠል ነው የማየው።»

«ጌቾ፣ ሙት አትቀልድ። ቀንዱ አይታይህም?»

«አልታየኝም አልኩህ። ሊሄድ ነው፤ ከታየህ ተኩስ።»

አንድ አፍታ በጎን አየኝ። ከዚያ ጠመንጃውን አነሳ። ጥይቱ ሲጮህ አጋዘኑ እዚያው ተንበረከከ። ሙስጠፋ ቢላውን መዝዞ ሲሄድ ሩጫ ነው ማለት ይከብዳል፤ ግን ደረሰ። «ቢስሚላህ፣ አላሁ አክበር» ሲል ድምፁ እስከ ግንዱ ድረስ መጣልኝ። ደስ አለኝ። ቀንዱን ሳየው ግን ቅናትም ነበረበት፤ አልዋሽም።

ወሬው ከእኛ ቀድሞ ሲልቨር ስፕሪንግ ገባ። ላም የሚያክል አጋዘን አፍንጫው ሥር ቆሞ ጌታቸው አላየም፤ ሙስጠፋ ባንድ ዐይኑ ጣለው። በምንሰበሰብበት ምግብ ቤት ሙስጠፋ ቆሞ ሲያሳይ ነጩን ዛፍ ወንበር አደረገው፣ እኔን ደግሞ ግድግዳ የሚዳስስ ሽማግሌ። ሙስጠፋ ዘግቶት የሚውለውን የቤታቸውን መጋረጃም ዘሐራ እንደከፈተችው ሰማሁ። አስተናጋጇ ሜኑውን ስታመጣልኝ የስልኳን መብራት አብርታ «ጋሽ ጌታቸው፣ ይታይዎታል?» አለችኝ። የጭልፊት ዐይን ያለው ሰው እንዲህ ተባለ። ዋጥኩት። አስካለ ብቻ የመድኃኒቷን ብልቃጥ እያስነበበችኝ በጎን ታየኛለች።

ጾም በገባ በሁለተኛው ቀን ሙስጠፋ ቤዝመንቴ ድረስ ወረደ። በአንድ እጁ የዘሐራን የምስር ሳምቡሳ፣ በሌላው የማውቀውን ዓይነት ካርቶን ይዟል።

«ለዐይንህ ነው» አለኝ። «ሴትየዋ ጋ ሄጄ ወፍራሙን አመጣሁልህ። በሚቀጥለው ዓመት ተራህን ማንም እንዳይወስድብህ።»

ፊቱን አየሁት። ያውቅ እንደሆነ አላውቅም፤ አልጠየቅኩትም። ብጠይቀው እኔም መናገር ሊኖርብኝ ነው። እሱ በራሱ እጅ የድሮዋን ስኮፔን ፈታ፣ አዲሱን አጠበቀ፣ ጠመንጃው ባዶ መሆኑን ሁለቴ አየና ወደ ትንሿ መስኮት አዞረልኝ። ጎንበስ ብዬ አየሁ። ከመንገዱ ማዶ ባለው ጥድ ላይ የተንጠለጠለች አንዲት ፍሬ ነበረች፤ ያለ ስኮፕም ከነቅርፊቷ ትታየኛለች። አሁን ግን ወፍራሙ መስቀል ግማሿን ሸፈነብኝ።

«እህሳ፣ ታየህ?» አለኝ ሙስጠፋ፣ ከጀርባዬ ተጠግቶ።

«አሁን ገና ታየኝ» አልኩት።